የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ በዘር ይመጣልን?

(ከዚህ በታች የቀረበው በክሊኒካችን የመቆያ ክፍል ጠዋት ጠዋት ለተገልጋዮች ከሚሰጠው የጤና ትምህርት አንዱ ነው። ለንባብ እንዲያመች ሆኖ ተዘጋጅቷል።)



ካርዳችሁ እስኪወጣ ድረስ ጥቂት ደቂቃ አድምጡኝ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። ይኸውም አንዳንድ ሕፃናት ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱት ለምን እንደሆነና በዚህ ውስጥ የዘር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

ይህን ርዕስ እንድመርጥ ያደረገችኝ አንዲት እናት ናት። የመጣችው የሦስት ወሩን መርፌ ለመወጋት ነበር። ካርዷን ሳይ የመጀመሪያ ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። «ሁለተኛውን መቼ አስባችኋል?» ብዬ ስጠይቃት ዕንባዋ ቀደማት። «ሲስተር፣ እኔ ሁለተኛ አልወልድም» አለችኝ። ልጇ የተወለደው የላይኛው ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቷ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» ይሏታል። ከጎረቤት አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ቡዳ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከማርገዟ በፊት ትውጠው የነበረው ኪኒን ያመጣው ነው ይላል። ባሏ ይወዳታል፤ ነገር ግን እናቱን ደፍሮ አይናገርም።

ይህች እናት ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። አንደኛው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሚቀጥለውም ልጅ እንዲሁ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ይህን ጥያቄ በሆዳችሁ የያዛችሁ ልትኖሩ ስለምትችሉ መልሱን ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

የሕፃኑ ፊት እንዴት ይሠራል?

የሕፃን ፊት በማኅፀን ውስጥ ሲሠራ ከመጀመሪያው አንድ ወጥ አይደለም። ከግራ፣ ከቀኝና ከግንባር በኩል ትንንሽ የሥጋ ክፍሎች ወደ መሀል እያደጉ ይመጣሉ፤ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ እንደ መስፋት ማለት ነው። ጣታችሁን ከአፍንጫችሁ ሥር ብታሳርፉ ወደ ከንፈር የሚወርዱ ሁለት ቀጭን ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች ታገኛላችሁ። ስፌቱ ያለፈው በዚያ አካባቢ ነው። ሁላችንም በዚህ መንገድ ያለፍን ነን።

ከንፈር የሚገጥመው ከእርግዝናው 4ኛ እስከ 7ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ላንቃ ማለትም ከላይኛው ጥርስ በስተኋላ እስከ እንጥል ድረስ ያለው የአፍ የላይኛው ክፍል የሚገጥመው ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ነው። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንደኛው ወገን ቢዘገይ ወይም ተገናኝቶ ሳይጣበቅ ቢቀር በዚያ ቦታ ክፍተት ይቀራል። የከንፈር መሰንጠቅ ወይም የላንቃ መሰንጠቅ የሚባለው ይህ ነው።

ስንጥቁ በከንፈር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከንፈርንና ላንቃን አንድ ላይ ሊይዝም ይችላል፤ ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የሚከፈትበትም ጊዜ አለ። በአንድ ወገን ሲሆን ከቀኝ ይልቅ በግራ በኩል ይበዛል። የከንፈር መሰንጠቅ በወንዶች፣ የላንቃ ብቻ መሰንጠቅ ደግሞ በሴቶች ላይ ይበረክታል። በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ከነዚህ በአንዱ ዓይነት ይወለዳል። በአፍሪካ ቁጥሩ ከዚህ ያነሰ ነው። እንግዲህ ይህ የአንድ ቤት ወይም የአንድ አገር ጉዳይ አይደለም።

የዘር ነገር እንዳለበት በምን ታወቀ?

በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ነገር እንደሚደጋገም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። በሥርዓት ያጠናው ግን ፖል ፎግ-አንደርሰን የተባለ የዴንማርክ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም የታካሚዎቹን ቤተሰቦች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ሥራ ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ችግሩ በዘመዳሞች መካከል ከሌላው ሰው ይልቅ ይደጋገማል። ሁለተኛ፣ የከንፈር መሰንጠቅ (ላንቃን ጨምሮ ወይም ሳይጨምር) በሚታይበት ቤተሰብ የሚደጋገመው ያው ሲሆን፣ ላንቃ ብቻ በሚሰነጠቅበት ቤተሰብ ደግሞ የሚደጋገመው የላንቃው ነው። ስለዚህ ሁለቱ በዘር በኩል የተለያዩ ናቸው። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ በመሠረቱ ጸንቶ ይገኛል።

ሌላው ማስረጃ የመንትዮች ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ዘራቸው አንድ ነው። ከነዚህ አንደኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቢወለድ ሌላውም እንዲሁ የሚሆነው ከ100 ከ40 እስከ 60 በሚሆኑት ላይ ነው። ከሁለት እንቁላል በተገኙ መንትዮች ግን ከ100 ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ብቻ ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል? በሁለቱ ዓይነት መንትዮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት የዘር ድርሻ ትልቅ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ዘራቸው ፍጹም አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ ግማሽ ያህሉ ይለያያሉ። አንዱ ደህና፣ አንዱ የተሰነጠቀ ይሆናል። እንግዲህ ዘር ብቻውን ሁሉን አይወስንም።

ጂን ምንድን ነው?

ልጅ ሲጸነስ ከእናትም ከአባትም የሚወርሳቸው የአሠራር መመሪያዎች አሉ። እነዚህ ጂን ወይም ዘረ መል ይባላሉ። ሰው ወደ 20,000 የሚሆኑ ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ አንዱን ቅጂ ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ ያገኛል። የዓይን ቀለም፣ ቁመት፣ የፊት ቅርጽ በነዚህ ይመራል። ፊት በሚገጥምበት ወቅትም ብዙ ጂኖች እየተቀባበሉ ይሠራሉ። አንዱ «እደግ» ይላል፤ አንዱ «ተገናኝ» ይላል፤ ሌላው «አሁን ተጣበቅ» ይላል።

ሳይንቲስቶች ከነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹን ለይተው አውቀዋል። ከታወቁት አንዱ አይአርኤፍ6 የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚህ ጂን ላይ የሚደርስ ጉድለት ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ አንድ ዓይነት የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ እንደሚያስከትል ታወቀ። በ2004 ደግሞ የዚሁ ጂን አነስተኛ ለውጥ በተለመደው የከንፈር መሰንጠቅ ላይም ድርሻ እንዳለው ተገለጸ። በ2009 በ8ኛው ክሮሞዞም ላይ ሌላ አካባቢ ተገኘ፤ ይህኛው በይበልጥ የሚታየው በአውሮፓውያን ዘንድ ነው። በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ እኛንም የሚነካ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ የተውጣጡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በላንቃ መሰንጠቅ ላይ ድርሻ ያላቸው ከዚህ በፊት ያልታወቁ የጂን አካባቢዎች ተገኝተውበታል። አገራችን ውስጥ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች ለዚህ ዕውቀት አስተዋጽኦ አድርገዋል ማለት ነው።

እንስራው የሞላው በማን ጠብታ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ግን የከንፈር መሰንጠቅ በአንድ ጂን ብቻ አይመጣም። ነገሩን በእንስራ መስዬ ልንገራችሁ። አንድ እንስራ ቁጭ ብሏል እንበል። ከእናት ወገን ጥቂት ጠብታ ይገባበታል፤ ከአባት ወገንም ጥቂት ጠብታ ይገባበታል፤ ከአካባቢ ማለትም ከምግብ ጉድለት፣ ከሲጋራ፣ ከአንዳንድ መድኃኒት፣ ከሕመም ሌላ ጠብታ ይጨመራል። እንስራው ሞልቶ እስካልፈሰሰ ድረስ ሕፃኑ ደህና ሆኖ ይወለዳል። ከአፉ አልፎ ሲፈስ ነው ስንጥቁ የሚታየው።

ስለዚህ እናትም አባትም ደህና ከንፈር ኖሯቸው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ጠብታ ተሸክመው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አያውቁትም፤ ለማወቅም አይችሉም ነበር። «እንስራውን ያፈሰሰው የማን ጠብታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ያቺ እናት ለጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ጥፋተኛ የለም። ማንም ሰው ጂኑን መርጦ አልተወለደም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዓይነት

ከዚህ የተለየ አንድ ጉዳይ አለ። ከንፈራቸው ከተሰነጠቀ ልጆች መካከል ከ100 70 የሚሆኑት ሌላ የጤና ችግር የለባቸውም። የቀሩት ግን ስንጥቁ ከሌላ ምልክት ጋር አብሮ የሚታይባቸው ናቸው። ላንቃቸው ብቻ ከተሰነጠቀ ልጆች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሌላ ተጓዳኝ ችግር ይኖርባቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ ልቡም ጭምር በሐኪም መታየት ይገባዋል።

ከነዚህ መካከል በይበልጥ የሚታወቀው በአይአርኤፍ6 ጂን ጉድለት የሚመጣውና ቫን ደር ዉዴ ሲንድሮም የሚባለው ነው። ምልክቱ በታችኛው ከንፈር ላይ የሚታዩ ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው። አንድ ወላጅ ይህ ጂን ካለበት እያንዳንዱ ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይም ሰው እንደማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ወላጁ ራሱ ከንፈሩ ላይ ከሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች በቀር ምንም ሳይኖርበት ልጁ ሙሉ ስንጥቅ ይዞ ሊወለድ መቻሉ ነው። ስለዚህ በቤተሰባችሁ ስንጥቅ ካለ የራሳችሁን የታችኛ ከንፈር በመስተዋት ተመልከቱ። እንጥላችሁ ለሁለት የተከፈለ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ፤ የተሸሸገ የላንቃ ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ዕድሉ ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የሚቀጥለውም ልጅ እንዲሁ ይሆናል ወይ? ሌላ ተጓዳኝ ምልክት በሌለበት በተለመደው የከንፈር መሰንጠቅ ሐኪሞች የሚሰጡት ግምት የሚከተለው ነው።

• እናትና አባት ደህና ሆነው አንድ ልጅ ብቻ ተሰንጥቆ ከተወለደ፣ የሚቀጥለው ልጅ እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ3 እስከ 5 ነው።
• ከወላጆች አንዱ ራሱ ተሰንጥቆ የተወለደ ከሆነ፣ የልጁ ዕድል ከዚሁ ጋር ይቀራረባል።
• ሁለት ልጆች ተሰንጥቀው ከተወለዱ፣ የሦስተኛው ዕድል ወደ 10 ከ100 ከፍ ይላል።
• አንድ ወላጅና አንድ ልጅ ካለባቸው፣ ለሚቀጥለው ልጅ ወደ 15 ከ100 ይደርሳል።
• ያለበት የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ከ100 ከ1 በታች ነው።

ለዚያች እናት ይህን ስነግራት «4 ከ100 ብዙ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነት ነው፤ ከሌላው ሰው አንጻር ብዙ ነው። ነገር ግን በሌላ በኩል ሲታይ ከ100 እንዲህ ያሉ እናቶች 96ቱ ደህና ልጅ ይታቀፋሉ ማለት ነው። ሁለቱም አነጋገር ልክ ነው። እኔ የነገርኳት ሁለቱንም ነው፤ የመመዘኑ ሥራ የእሷና የባሏ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀዶ ጥገና ከንፈሩን እንጂ ጂኑን አያድስም። በልጅነቱ ታክሞ ጠባሳው የማይታይ አባት ወይም እናት «እኔ ድኛለሁ» ብሎ ዝም ቢል ሐኪሙ ትክክለኛውን ግምት መስጠት አይችልም።

ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ተመሳሳይ የጂን ጉድለት ከሁለቱም ወገን የመገናኘት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ይህ ልማድ ከሕክምናው አንጻርም ጥቅም አለው። በዘመዳሞች ጋብቻ ውስጥ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ከፍ ብሎ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል።

እኛም በክሊኒክ የምንጠይቃችሁ ከዚሁ ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሦስት ትውልድ ቁጠሩልን፤ ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስት፣ አያት። ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበት አለ? በአፍንጫው የሚናገር አለ? ጡት አልይዝ ብሎ የሞተ ሕፃን ነበር?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በምክንያት ነው የምጠይቀው። ከላይ ያነሣኋት እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ ባሏንና አማቷን ይዛ መጣች። አማትየው እንደ ልማዳቸው «በእኛ ዘር የለም» ብለው ጀመሩ። «እማማ፣ ላስቸግርዎትና፤ በቤተሰብዎ ጡት አልይዝ ብሎ የሞተ ሕፃን አልነበረም?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «የታላቅ እህቴ ልጅ ነበር። ከንፈሩም ላንቃውም ክፍት ነበር። ወተቱ በአፍንጫው እየተመለሰ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ለሰው አልተነገረም፤ እህቴም እስክትሞት አላወራችውም» አሉ።

ልጁ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ግን ወዲያው አንድ ነገር ተናገርኩ። «እማማ፣ ይህ ማለት ጥፋቱ ወደ እርስዎ ወገን ዞረ ማለት አይደለም። ምራትዎ ያላጠፋችውን ያህል እህትዎም አላጠፉም» አልኳቸው። ዘርን የምንጠይቀው ተከሳሽ ለመፈለግ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ልጅ ለመዘጋጀት ነው።

ምክንያት ያልሆኑ ነገሮች

እርግማን፣ ቡዳ፣ የጎረቤት ዓይን ከንፈር አይሰነጥቁም። እናት በእርግዝናዋ ያየችው ወይም የሳቀችበት ሰው መልክም አያመጣውም።

የወሊድ መከላከያስ? ይህ በእኛ ክሊኒክ ብዙ የሚጠየቅ ነው። በዴንማርክ ከ800,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ ከማርገዛቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ማርገዛቸውን ሳያውቁ ኪኒን የወሰዱ እናቶች ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት እንዳልታየባቸው አሳይቷል። መርፌው፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ወይም ሉፑ ከንፈር እንደሚሰነጥቅ ያሳየ ማስረጃም የለም። ስለዚህ ኪኒን በመውሰዷ ራሷን የምትወቅስ እናት ካለች ይህን ሸክም ከዛሬ ጀምሮ ታውርደው።

ከእርግዝና በፊት ምን ይደረግ?

ጂናችንን መለወጥ አንችልም። ወደ እንስራው የሚገባውን ሌላውን ጠብታ ግን መቀነስ እንችላለን። ጊዜው መቼ ነው? ከንፈር መግጠም የሚጀምረው በ4ኛው ሳምንት መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ጥቂት እንደዘገየ ነው የሚያስቡት። በሦስተኛው ወር ለእርግዝና ክትትል ስትመጡ ከንፈሩም ላንቃውም ሥራው አልቋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከእርግዝና በፊት መሆን አለበት። ይህም የሚቻለው እርግዝናው ታስቦበትና ታቅዶ ሲሆን ነው። የቤተሰብ ምጣኔ አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

1. ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን በቀን 0.4 ሚሊግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር መውሰድ። ይህ ቫይታሚን የሕፃኑን የሕብለ ሠረሠር ጉድለት እንደሚከላከል በእርግጥ ተረጋግጧል። በከንፈር መሰንጠቅ ላይ ያለው ጥቅም ግን በሁሉም ጥናት እኩል አልታየም። ቢሆንም ለማንኛዋም እናት የሚመከር ነው። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራም ይህ ቫይታሚን አላቸው።

2. ሲጋራን መተው። ባል የሚያጨስ ከሆነ ከቤት ውጪ ይሁን፤ ከነጭራሹ ቢተው ደግሞ የተሻለ ነው። አረቄና ሌሎች የአልኮል መጠጦችንም ማቆም።

3. የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ እናቶች ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት ስንጥቁን የማምጣት ዕድል አላቸው። ነገር ግን በገዛ እጃችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ! ድንገት ማቋረጥ ለእናትም ለጽንሱም ከባድ አደጋ አለው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወይም መጠኑን ይለውጥላችኋል።

4. የስኳር በሽታ ያለባችሁ ስኳሩን በሚገባ ተቆጣጥራችሁ አርግዙ።

5. ማራራቅ። ከወለዱ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ይመከራል። ልጁ ተሰንጥቆ ለተወለደ ቤተሰብ ይህ ሁለት ዓመት እጥፍ ጥቅም አለው፤ የልጁ ቀዶ ጥገናዎች የሚደረጉት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነውና።

ልጁ ከተወለደስ?

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምግብ ነው። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል። ላንቃው የተከፈተ ግን አየር ስለሚያስገባ መሳብ አይችልም። ይህ እምቢተኝነት አይደለም። እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በሲኒ ወይም በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ትስጠው፤ በየመሀሉም ታስገሳው። በየጊዜው ይመዘን። የአማትየው እህት ልጅ የሞተው በስንጥቁ ሳይሆን በረሃብ ነው። ይህን የሚያሳያቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ሊድን ይችል ነበር።

የከንፈሩ ቀዶ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ የላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ ልጁ በደንብ መናገር ከመጀመሩ በፊት ነው። ያመለጠው ትልቅ ልጅም ሆነ አዋቂ ሰው መታከም ይችላል። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች የጆሮ ሕመም ስለሚደጋገምባቸው ጆሯቸውም ይታይ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ቀዶ ጥገና የታወቀ ነው። ወጪውን የሚሸፍኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ስላሉ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትቅሩ።

ከተገልጋዮች የቀረቡ ጥያቄዎች

«በእርግዝና ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታያል ወይ?»
የከንፈሩ ስንጥቅ ከ18 እስከ 20 ሳምንት አካባቢ ሊታይ ይችላል። የላንቃው ብቻ ከሆነ ግን ለማየት ያስቸግራል። አስቀድሞ ማወቁ ጥቅሙ ወላጆች እንዲዘጋጁና ወሊዱ በሆስፒታል እንዲሆን ነው።

«በደም ምርመራ ጂናችንን ማወቅ እንችላለን?»
እንደ ቫን ደር ዉዴ ባሉት በአንድ ጂን በሚመጡት ምርመራው ይረዳል። ለተለመደው ዓይነት ግን ብዙ ጂኖች ስላሉበት «ይወለዳል፣ አይወለድም» ብሎ የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ከሁሉ የሚረዳው ትክክለኛ የቤተሰብ ታሪክ ነው።

«ልጄ አድጎ ሲያገባ የእሱስ ልጆች?»
ሌላ ምልክት ከሌለበት ከ100 4 ያህል ነው። ሲያድግ ይህን ራሱ እንዲያውቅ ንገሩት፤ አትደብቁት። የትዳር ጓደኛውም ታውቅ።

«ባልና ሚስት ብንለያይና ሌላ ብናገባ ይቀራል?»
ትዳርን ለማፍረስ ምክንያት የሚሆን ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ጠብታው ከሁለቱም ወገን ነው፤ ማንኛውም ሰው የየራሱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ያቺ እናት መርፌውን ለጊዜው ቀጥላለች። የልጇ ላንቃ ተሰፍቶ ካገገመ በኋላ መርፌውን ለማቆም፣ ከዚያ በፊት ግን ፎሊክ አሲድ ለመጀመር ከባሏ ጋር ተስማምተዋል። መርፌው ከቆመ በኋላ ማርገዝ ወራት ሊወስድ ስለሚችል አስቀድመው እንዲያስቡበት ነግሬያቸዋለሁ። ልውለድ ብትል ያው እናግዛታለን፤ አልወልድም ብትልም ያው እናግዛታለን። ውሳኔዋ ግን በሐሜት ሳይሆን በዕውቀት የተመሠረተ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። ባለፈው ሳምንት ልጁን አዝለው የመጡት አማትየው ናቸው።

በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ወይም ከነበረ፣ ዛሬ የምክር ክፍል ስትገቡ ለነርሷ ንገሯት። የምትነግሯት ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል።